ይድነቃቸው ተሰማ፡- ከአራዳ ሜዳ እስከ አፍሪካ እግር ኳስ አመራር

በላስታ ደጋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ላሊበላ ከተማ የሚያስተምር አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ዛሬ በስፖርት አሠልጣኝነት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቱን ለመከታተል ቢፈልግ መንገዱ የታወቀ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አካዳሚ አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በስፖርት ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ይሰጣል። መምህሩ የሰውነትን አሠራር፣ የስፖርት ሥነ ልቦናን፣ የሥልጠና ዕቅድ አወጣጥንና የምርምር ዘዴን ተምሮ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን አቅርቦ ወደ ሥራው ይመለሳል። መንገዱ ይታወቅ እንጂ ቀላል ነው ማለት ግን አይደለም። ከሥራ ገበታና ከቤተሰብ መለየትን፣ በመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የትምህርት ወጪን መሸፈንን የሚጠይቅ መሆኑን የሞከሩት ሁሉ ያውቁታል።

ከብዙ አሥርተ ዓመታት በፊት ግን እንዲህ ያለ መንገድ ጨርሶ አልነበረም። የደጋው ወጣት በገና ሰሞን ሩር እየመታ ቢውል፣ የአዲስ አበባው ልጅ ደግሞ በአራዳ ሜዳ የጨርቅ ኳስ ቢያንከባልል፣ ቆሞ የሚያሠለጥነው ባለሙያ፣ ገልጦ የሚያነበው መጽሐፍ በቋንቋው አያገኝም ነበር። ኢትዮጵያ በታሪኳ አንድ ጊዜ ብቻ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሣ ቡድኑን ያዘጋጁት ሰው ያደጉት በዚያ ዘመን ነው። እኚህ ሰው ይድነቃቸው ተሰማ ይባላሉ።

ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም፣ በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ ጅማ ከተማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዘመናቸው በግጥም ችሎታቸውና በቀልዳቸው የታወቁ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ ጀርመን አገር ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑ ሰው ነበሩ። በጀርመን ቆይታቸው የአውቶሞቢልን ሥራም ተምረው ተመልሰዋል። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ልጅ በሰው ፊት መናገር የማይፈራ፣ ከባዕድ ዕቃና ከባዕድ ዕውቀት የማይሸሽ ቢሆን የሚያስገርም አይሆንም። ነጋድራሱ በልጅ ኢያሱ ዘመን ከፍ ያለ ሹመት አግኝተው፣ ዘመኑ ሲለወጥ ከሥልጣን የወረዱ እንደመሆናቸው፣ ልጃቸው ያደጉት የሹመትን መውጣትና መውረድ በቅርብ እያዩ ነው።

ትምህርታቸውን የተከታተሉት በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ነው። በ1917 ዓ.ም የተከፈተው ይህ ትምህርት ቤት የውጭ ቋንቋዎችን በማስተማር ይታወቅ ነበር። ይድነቃቸው በኋላ ዘመናቸው በዓለም አቀፍ ስብሰባዎች ላይ ያለ አስተርጓሚ ተነሥተው መከራከር የቻሉት ገና በወጣትነታቸው ቋንቋ ስለቀሰሙ ነው። ይህ ነገር ከስፖርቱ ጋር የማይገናኝ ይመስል ይሆናል። ሆኖም የእግር ኳስ ሕግ፣ የሥልጠና መጽሐፍና የፌዴሬሽን መተዳደሪያ ደንብ ሁሉ በውጭ ቋንቋ ብቻ በሚገኝበት ዘመን፣ ቋንቋ የሚያውቅ ተጫዋች ለጓደኞቹ መምህር መሆኑ የማይቀር ነው።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብ በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ አነሣሽነት በአራዳ ሲመሠረት ይድነቃቸው የ14 ዓመት ታዳጊ ነበሩ። ክለቡ ስሙን የወሰደው በአካባቢው ከሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ነው። ጊዜው የጣሊያን ወራሪ ጦር ድንበር ጥሶ ከገባ ሦስተኛ ወሩ ነበር። ወጣቶቹ ክለባቸውን ባቋቋሙ በአምስተኛው ወር፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም፣ ጠላት አዲስ አበባን ያዘ። በጦርነት መካከል የኳስ ክለብ ማቋቋም እንደ ዋዛ የሚታይ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ዋዛ እንዳልነበረ ያስረዳል።

የፋሺስት አስተዳደር በስፖርቱም ላይ የቀለም መድልዎ አደረገ። ኢትዮጵያውያን ከጣሊያኖች ተለይተው፣ ለአገሬው ተወላጅ ተብሎ በተዘጋጀ ውድድር ብቻ እንዲጫወቱ ተወሰነ። የክለቡም ስም ተለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር እንዲባል ተደረገ። ወጣቶቹ በተሰጣቸው ስም እየተጠሩ በልባቸው የቀድሞውን ስም ይዘው አምስቱን ዓመት አሳለፉ። ይድነቃቸው በሜዳ ላይ መድልዎ ምን እንደሚመስል ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በዚህ ዓይነት፣ በ15 እና በ16 ዓመት ዕድሜያቸው ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ካርቱም ላይ የያዙትን አቋም ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይገባል።

አገሪቱ በ1933 ዓ.ም ነፃ ከወጣች በኋላ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች የየራሳቸው ቡድን ነበራቸው። አርመኖቹ አራራት፣ ግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ ጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ የተባሉ ቡድኖች ሲኖሯቸው፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮንም የራሱን ቡድን አሰልፎ ይጫወት ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከእነዚህ ጋር እኩል ሆኖ ለመጫወት የበቃ የኢትዮጵያውያን ቡድን ነው። እ.አ.አ በ1943 የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም፣ በተከታዩም ዓመት የመጀመሪያው የአገር አቀፍ ሻምፒዮና ሲደረግ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የነበሩት ይድነቃቸው ከአደራጆቹ መካከል ነበሩ። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የሻምፒዮናነቱን ክብር ያገኘው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.አ.አ በ1950 ነበር።

በዚህ ወቅት ይድነቃቸው ከሠሯቸው ሥራዎች መካከል ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚታለፈው የእግር ኳስ ሕግን ወደ አማርኛ መመለሳቸው ነው። አንድ ዳኛ ፊሽካ ነፍቶ ጥፋቱን ሲያስረዳ ተጫዋቹ የሚገባው ቃል መኖር አለበት። ቃሉ ከሌለ ክርክሩ በጡጫ ያልቃል። ደንብ ማርቀቅ፣ የውድድር መርሐ ግብር ማውጣት፣ ዳኞችን ማሰባሰብ፣ ደብዳቤ መጻጻፍ የመሳሰለው የጽሕፈት ቤት ሥራ ተመልካች አያጨበጭብለትም፤ ሆኖም ያለ እርሱ ጨዋታ ወደ ስፖርትነት አይለወጥም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የመዝገቡ ሥራ ከሜዳው አልለያቸውም። እስከ እ.አ.አ 1958 ድረስ ለ23 ዓመታት የቅዱስ ጊዮርጊስን ማሊያ ለብሰው ተጫውተዋል። በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦች ማስቆጠራቸው በክለቡ ታሪክ ተመዝግቧል። ለብሔራዊ ቡድን ደግሞ 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጨዋታ ያደረገው በኅዳር ወር 1940 ዓ.ም ከፈረንሳይ ሶማሌላንድ፣ ከዛሬዋ ጅቡቲ ጋር ሲሆን፣ 5 ለ 0 አሸንፏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። ይድነቃቸው በአንድ ወቅት ለክለባቸው ይጫወታሉ፤ ክለባቸው የሚወዳደርበትን ፌዴሬሽን ሥራ ይመራሉ፤ ብሔራዊ ቡድኑንም ያሠለጥናሉ። በዛሬው አሠራር ቢሆን የጥቅም ግጭት ተብሎ የሚነቀፍ፣ ደንብም የማይፈቅደው ነው። በወቅቱ ግን ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የሰው ኃይል ሲበራከት ኃላፊነቱን መከፋፈል እንደሚገባ ማንም አይክድም። ቢሆንም የአንድን ዘመን ሰው በሌላ ዘመን ደንብ ብቻ መመዘን ፍርድን ያዛባል።

አሠልጣኝነትን የት ተማሩ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሜዳው ላይ የሚል ነው። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ኢትዮጵያ የስፖርት ባለሙያዎችን የምታገኘው ከውጭ ነበር። በአትሌቲክስ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አበበ ቢቂላን ለሮምና ለቶኪዮ ድል ሲያዘጋጁ፣ በእግር ኳሱም ከቼኮዝሎቫኪያና ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች የመጡ አሠልጣኞች ብሔራዊ ቡድኑን በየጊዜው ይይዙ ነበር። ይድነቃቸው የእነዚህን ሰዎች አሠራር በቅርብ ተመልክተዋል። በዛሬው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ውስጥ የተግባር ልምምድ የሚባለው ክፍል ለእርሳቸው ሙሉ ትምህርቱ ነበር።

ኢትዮጵያ እ.አ.አ በ1952 የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ የፊፋ አባል ሆነች። የብሔራዊ ኦሎምፒክ ኮሚቴዋም ተቋቁሞ በኅዳር ወር 1949 ዓ.ም በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካፈለች። በዚያው ዓመት አፍሪካ የራሷን የእግር ኳስ ድርጅት ለማቋቋም ተዘጋጀች። ሐሳቡ የተጠነሰሰው በሰኔ ወር 1948 ዓ.ም ሊዝበን ላይ በተደረገው የፊፋ ጉባዔ ወቅት ሲሆን፣ በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች በካርቱም ተሰበሰቡ። ኢትዮጵያን ከወከሉት አንዱ ይድነቃቸው ነበሩ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ካፍ፣ እዚያ ተመሠረተ።

ከምሥረታው ጋር ተያይዞ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እዚያው ካርቱም እንዲደረግ ሲወሰን፣ ዕጣው ኢትዮጵያን ከደቡብ አፍሪካ ጋር አገናኘ። የደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን ግን ነጮች ብቻ ወይም ጥቁሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን እንጂ የተደባለቀ ቡድን አልክም አለ። መሥራቾቹ ይህን አልተቀበሉትም። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያም ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አልፋ የካቲት 9 ቀን 1949 ዓ.ም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ ዲባ የተባለው ግብፃዊ አጥቂ ነው። በቁጥር ሲታይ ኢትዮጵያ ከዚያ ውድድር ያገኘችው ሽንፈት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው አፍሪካ ገና በቅኝ ግዛት ሥር በነበረበት ጊዜ አንድ አዲስ አህጉራዊ ድርጅት የመጀመሪያ ውሳኔውን በዘር መድልዎ ላይ ማሳለፉ ቀላል ነገር አልነበረም። ፊፋ ራሱ ተመሳሳይ አቋም ላይ ለመድረስ ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል።

በሁለተኛው ውድድርም፣ እ.አ.አ በ1959 ካይሮ ላይ፣ ኢትዮጵያ ሁለቱንም ጨዋታዎቿን ተሸነፈች። ሦስተኛውን ውድድር እንድታዘጋጅ ዕድሉ ሲሰጣት ቡድኑን የማዘጋጀቱ ኃላፊነት በይድነቃቸው ላይ ወደቀ። ተጫዋቾቹ የተሰባሰቡት ከአዲስ አበባ፣ ከአሥመራና ከድሬዳዋ ክለቦች ነው። የአሥመራው ልጅ ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል ሆነ፤ ወንድሙ ኢታሎ፣ የጎንደሩ ተወላጅ መንግሥቱ ወርቁ፣ ተክሌ ኪዳኔና ጓደኞቻቸው አብረው ተሰለፉ። ከተለያየ ከተማ፣ ከተለያየ የጨዋታ ልማድ የመጡ ወጣቶችን በአጭር ጊዜ አንድ ቡድን ማድረግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የአሠልጣኝነት ትምህርት የቡድን ግንባታ ብሎ በአንድ ምዕራፍ የሚያስተምረውን ይድነቃቸው በሥራ ላይ ፈጸሙት።

ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም በቀዳማዊ ኃይለሥላሴ ስታዲየም ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ አለፈች። በሌላው የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ኡጋንዳን 2 ለ 1 ረታች። የፍጻሜው ጨዋታ የተደረገው ጥር 13 ቀን፣ የጥምቀት በዓል ታቦታት ወደየመንበራቸው በተመለሱ ማግሥት ነው። ተጋጣሚዋ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች፣ ካርቱም ላይ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 የረታች፣ ካይሮ ላይም ያንኑ ውጤት የደገመች አገር ናት።

ጨዋታው እንደተጀመረ የበለጠ የተስፋ ምልክት የታየው በግብፆቹ በኩል ነበር። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ አብደልፋታህ የመጀመሪያውን ግብ አስቆጠረ። ተክሌ ኪዳኔ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ ባዳዊ በደቂቃ ልዩነት እንደገና አገባ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ሁለተኛዋን አስቆጥሮ ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት አመራ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ ባስቆጠሯቸው ግቦች ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውን ለአምበሉ ያስረከቡት ግርማዊ ቀዳማዊ አፄ ኃይለሥላሴ ነበሩ።

ከአባይ ወንዝ ዳር ሜዳ የመጡት ግብፃውያን በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ 120 ደቂቃ መሮጥ ሳይከብዳቸው አልቀረም። የከፍታ ሥልጠና የሚባለው የሳይንስ ዘርፍ የዓለምን ትኩረት የሳበው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ የሜክሲኮ ከተማው ኦሎምፒክ በ2 ሺህ 240 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደረግና ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ሲያሸንፍ ነው። ዛሬ የደጋው ከፍታ ለጽናት ሩጫ የሚሰጠው ጥቅም በድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ዘንድ የታወቀ የምርምር ርዕስ ሆኗል። ይሁንና ከፍታ ብቻውን ዋንጫ አያስገኝም፤ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ መሆንን የሚያመጣው የተጫዋቾቹ ሥነ ልቦናና ዝግጅት ነው። ኢትዮጵያ በ1960ና በ1968 ዓ.ም እንደገና ውድድሩን በራሷ ከፍታ ላይ አዘጋጅታ ዋንጫውን አለማግኘቷም ይህንኑ ያመለክታል።

ይድነቃቸው ከዚህ ድል በኋላ ትኩረታቸው ወደ አህጉራዊው መድረክ አመዘነ። ለእ.አ.አ 1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ያወጣው ደንብ የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያና ከኦሺኒያ ጋር ተጫውቶ ለአንዲት ቦታ እንዲፎካከር የሚያደርግ ነበር። ይህም አፍሪካ በራሷ አንድም ቦታ የላትም ማለት ነው። የጋናው ኦሄኔ ጃንና የኢትዮጵያው ይድነቃቸው ይህን በመቃወም አስተባበሩ፤ የአፍሪካ አገሮችም በአንድነት ከማጣሪያው ወጡ። ፊፋ በገንዘብ ቢቀጣቸውም አቋማቸውን አልለወጡም። ውጤቱ በአራት ዓመት ውስጥ ታየ። ለ1970ው ውድድር አፍሪካ የራሷ አንድ ቦታ ተሰጣት፤ ሞሮኮም በዚያ ተሳተፈች።

በዚሁ ጊዜ የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ በፊፋ ውስጥ ሲወድቅ ሲነሣ ቆየ። እ.አ.አ በ1961 የታገደው የነጮቹ ፌዴሬሽን በ1963 እገዳው ተነሣለት፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ በተደረገው ጉባዔ የአፍሪካ ተወካዮች ባሳዩት ኅብረት እገዳው ተመለሰ። በ1976 ደግሞ ጨርሶ ተባረረ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ይድነቃቸው ነገሩ ተረስቶ እንዲቀር ከማይፈቅዱት አንዱ ነበሩ።

በ1964 ዓ.ም የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነዋል። ሁለቱንም ኃላፊነት እስከ ዕለተ ሞታቸው ይዘዋል። እ.አ.አ በ1974 ፍራንክፈርት ላይ በተደረገው የፊፋ ምርጫ ብራዚላዊው ዣዎ ሃቬላንዥ እንግሊዛዊውን ሰር ስታንሊ ራውስን ሲያሸንፉ የአፍሪካ ድምፅ ወሳኝ ነበር። ለአፍሪካ ድጋፍ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች መካከል የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ፣ የዓለም ዋንጫ ቦታ መጨመርና ለታዳጊ አገሮች የሚሰጥ ሥልጠና ይገኙበታል።

ሥልጠናው ከተስፋ ወደ ሥራ የተለወጠው ከእ.አ.አ 1976 ጀምሮ ነው። ፊፋ በአፍሪካና በሌሎች አህጉሮች ለአሠልጣኞች፣ ለዳኞች፣ ለስፖርት ሐኪሞችና ለአስተዳዳሪዎች ኮርሶችን መስጠት ጀመረ። በሜዳ ብቻ የተማረው ትውልድ ከዚያ በኋላ የሚመጣው በክፍል ውስጥም እንዲማር ዕድል ተከፈተለት። በአገራችንም ያን ጊዜ የለውጥ ምልክት ይታይ ነበር። በ1954ቱ ቡድን አምበል የነበሩት ሉቺያኖ ቫሳሎ በጣሊያን ኮቨርቺያኖ የአሠልጣኞች ማዕከል ተምረው ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥነዋል። መንግሥቱ ወርቁም በ1974 ዓ.ም ሊቢያ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ የኢትዮጵያን ቡድን መርተዋል። በአትሌቲክሱ ደግሞ በሃንጋሪ የተማሩት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ በኋለኞቹ ዓመታት ያስገኙት ውጤት ለማንም የተሰወረ አይደለም። የይድነቃቸው ተጫዋቾች ከአሠልጣኛቸው የበለጠ የትምህርት ዕድል ማግኘታቸው የሚያስደስት ነው።

ፕሬዚዳንቱ የወሰዱት አቋም ሁሉ ግን ዘመን የተሻገረ አልነበረም። የአማተርነትን መርሕ አጥብቀው የሚደግፉ ሰው ነበሩ። ካፍ እ.አ.አ በ1965 ያወጣውና አንድ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ከሁለት በላይ በውጭ አገር የሚጫወቱ ተጫዋቾችን እንዳያሰልፍ የሚከለክለው ደንብ ለ17 ዓመታት ጸንቶ ቆይቷል። የደንቡ ዓላማ የአፍሪካ ተጫዋች በአገሩ እንዲቆይ፣ የአገር ውስጥ ውድድርም እንዲጠናከር ነበር። ዓላማው በጎ ቢሆንም ተጫዋቾቹ ወደ አውሮፓ መሄዳቸውን አላቆሙም። ከደንቡ የተጎዱት ለአገራቸው መሰለፍ የተከለከሉት ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው። ደንቡ በ1982 ሲነሣ ለአፍሪካ ዋንጫ መጠናከር አንዱ ምክንያት ሆኗል። የትምባሆና የአልኮል መጠጥ አምራቾች በስፖርት ሜዳ እንዳያስተዋውቁ የነበራቸው ተቃውሞ በአንጻሩ ዛሬ በብዙ አገሮች ሕግ ሆኖ ይሠራበታል።

እንዲሁም በ1968 ዓ.ም ክረምት በሞንትሪያል ኦሎምፒክ ኒውዚላንድ የራግቢ ቡድኗን ወደ ደቡብ አፍሪካ መላኳን በመቃወም ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች ከውድድሩ ሲወጡ ኢትዮጵያ አብራ ወጥታለች። በዚያ ውሳኔ ምሩፅ ይፍጠር በብቃቱ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ሳለ ሳይወዳደር ተመልሷል። ምሩፅ ከአራት ዓመት በኋላ በሞስኮ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ አግኝቶ ካሳውን ቢወስድም፣ ዕድሉ ሁለተኛ ያልመጣላቸው ሌሎች አትሌቶች እንደነበሩ አይዘነጋም። ዘረኝነትን ለመቃወም የተከፈለው ዋጋ ከኃላፊዎች ይልቅ በአትሌቶቹ ላይ የወደቀ ነው።

የአፍሪካ እግር ኳስ በእነዚያ ዓመታት ያሳየው ዕድገት ግን ግልጽ ነው። እ.አ.አ በ1978 ቱኒዚያ ሜክሲኮን 3 ለ 1 አሸንፋ በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ድል አስመዘገበች። በ1982 የአፍሪካ ቦታ ወደ ሁለት ከፍ አለ፤ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ስትረታ ካሜሩን ሳትሸነፍ ወጣች። በ1986 ሞሮኮ ምድቧን በአንደኝነት ጨረሰች። በተቃራኒው የኢትዮጵያ እግር ኳስ እያሽቆለቆለ ሄዷል። አህጉሩን የሚመሩት ሰው ከአዲስ አበባ ሆነው ይህን መመልከታቸው አሳዛኝ ነው። ከ1974 ዓ.ም በኋላ ብሔራዊ ቡድኑ በአፍሪካ ዋንጫ ሲጫወት የማየት ዕድል አላገኙም።

ይድነቃቸው ተሰማ ከሕመም በኋላ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ በ65 ዓመታቸው አረፉ። በዕንቁጣጣሽ የተወለዱት ሰው ያረፉት በቡሄ ዕለት ነው። ካፍን ለ15 ዓመታት መርተዋል። አዲስ አበባ ስታዲየም በስማቸው ተሰይሟል፤ ምንም እንኳ ሕዝቡ አሁንም በአብዛኛው የሚጠራው በከተማዋ ስም ቢሆንም።

የካርቱሙ ውሳኔ ከተላለፈ ከ35 ዓመት በኋላ፣ እ.አ.አ በ1992፣ ደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ሥርዓትን ማፍረስ በመጀመሯ ወደ አፍሪካ የእግር ኳስ ቤተሰብ ተመለሰች። በ1996 የአፍሪካ ዋንጫን አዘጋጅታ ዋንጫውንም ወሰደች። ነጭና ጥቁር የተደባለቀበት ቡድኗ ሲያሸንፍ ፕሬዚዳንት ኔልሰን ማንዴላ የቡድኑን ማሊያ ለብሰው ተገኝተዋል።

ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም ነው። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን በማጣሪያው የረታው የካፍ መሥራች የነበረችውን ሱዳንን ሲሆን፣ ውድድሩም የተደረገው በደቡብ አፍሪካ ነበር። በኔልስፕሩይት ከተማ የመጀመሪያውን ጨዋታ ከወቅቱ የዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር አድርጎ፣ አዳነ ግርማ ባስቆጠራት ግብ 1 ለ 1 ተለያየ። ዕለቱ ጥር 13 ነበር፤ የይድነቃቸው ቡድን በአዲስ አበባ ዋንጫውን ካነሣ ልክ 51 ዓመት።